ሳይጠየቁ የታሰሩ
አርበኛው ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁና የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስለት

ኪነ ጥበብ ከኑሮ እንደሚመነጭ ደጋግሞ ተነግሯል። ይሁን እንጂ ኑሮ ወደ ኪነ ጥበብ የሚሻገርበት መንገድ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ብዕር ሲያነሣ አንባቢ የሚጠብቀው የጦር ሜዳ ወሬ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ተኰትኵቶ ያደገ ሰው ሲጽፍ ደግሞ የሚጠበቀው ተግሣጽና ስብከት ነው። ሁለቱንም ሕይወት የኖሩት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ያበረከቱት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን የጦር ሜዳ ወሬም የስብከት መጽሐፍም አይደለም። ታሪኩ የሚፈጸመው ፋሽስት ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ በፊት ነው። ደራሲው የተሰለፉበት ጦርነት፣ የታሰሩበት ደሴት፣ በዓይናቸው ያዩት ሽንፈት አንዱም በመጽሐፉ ውስጥ በስሙ አልተጠራም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። አርበኛው በልብ ወለዱ ውስጥ የት ገባ? የካህኑ ልጅ እምነትስ ወዴት ሄደ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ሲሰጡ ኖረዋል። የመጀመሪያው መልስ መጽሐፉ የባላባቱን ሥርዓትና የቤተ ክህነቱን ጭቆና ያጋለጠ ማኅበራዊ ክስ ነው ይላል። በዚህ አመለካከት ደራሲው ያደጉበትን እምነት ከነልማዱ ትተውት ወጥተዋል። ሁለተኛው መልስ ደግሞ መጽሐፉ የሁለት ወጣቶች አሳዛኝ የፍቅር ታሪክ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማጀቢያ ነው የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች ከመጽሐፉ አንዳንድ ክፍል ይዘዋል፤ መጽሐፉን በሙሉ ግን አልያዙም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዳር እስከ ዳር የሚመረምረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሰው ራሱ ባልሰጠው ቃል የሚታሰርበት ሁኔታ ነው። ይህን ጥያቄ ደራሲው ያገኙት ከቅኔ ቤትም ከጦር ሜዳም ከእስር ቤትም ነው። የለኩበት ሚዛን ግን ከእምነታቸው የተገኘ ነው።

ከቅኔ ቤት

ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል። እነዚህ ሥፍራዎች ከየአውራጃው ተማሪ የሚጎርፍባቸው፣ ሊቃውንት የሚፈልቁባቸው ጉባኤ ቤቶች መሆናቸው የታወቀ ነው።

የቅኔ ቤት ሕይወት ለደራሲ የሚያወርሰው ነገር ከሚታሰበው በላይ ነው። የቅኔ ተማሪ ትናንት ያሰማውን ዛሬ ደግሞ አያሰማም፤ በየዕለቱ አዲስ ነገር መፍጠር ይጠበቅበታል። ከሰሙ ሥር ወርቁን መደበቅ፣ ከተነገረው ሥር ያልተነገረውን መፈለግ ይለምዳል። ከዚህም ሌላ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚያድር ነው። ቀን የመጽሐፉን ቃል ይሰማል፤ ማታ ከገበሬው ቤት የሚገኘውን ቁራሽ ይቀበላል። ስለዚህ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ የሚነገረውንና ድኻው በእርግጥ የሚበላውን አነጻጽሮ የሚያውቅ ከእርሱ የበለጠ ሰው አይገኝም። በትልቁ ቤት ደጅ ቆሞ የተመለሰም፣ በትንሹ ጎጆ ገብቶ የጠገበም እርሱ ነው።

በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተምረዋል። በወጣትነታቸው ተውኔት ጽፈዋል፤ በመምህርነትም አገልግለዋል። የጦርነቱ ነጋሪት ሲጎሰም እንግዲህ ሁለት ትምህርት የቀመሱ፣ ሁለት ዓለም ያዩ ወጣት ነበሩ።

ወደ ሽሬ ግንባር

በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ሲዘምቱ ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያው ግንባር ተሰልፈዋል። የዚያ ጊዜ ሠራዊት አብዛኛው በጥንቱ የክተት ሥርዓት የተሰበሰበ ገበሬ ነበር። ስንቁን ከጎተራው፣ መሣሪያውን ከቤቱ ይዞ የወጣ፣ አለቃውን በጦር ትምህርቱ ሳይሆን በትውልዱና በማዕረጉ የሚያውቅ ሠራዊት ነው። በአየር ኃይል፣ በታንክና በመርዝ ጋዝ የተደራጀውን ወራሪ የገጠመው ይህ ሠራዊት ነው። በየካቲት ወር 1928 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሽሬ የተደረገው ውጊያ በከባድ እልቂት ተፈጸመ፤ የተረፈውም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከአየር እየተደበደበ ነበር።

የአርበኝነቱ መንገድ በዚያ አልተቋጨም። ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጉዘው ከቀረው አርበኛ ጋር ትግሉን ቀጠሉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እስኪማረኩ ድረስም ታገሉ። በምዕራቡ ትግል የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁም ተማርከው ወደ ጣልያን ተጋዙ። በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው የተባባሪዎቹ ኃይሎች በ1935 ዓ.ም. ደቡብ ጣልያን ከገቡ በኋላ ነፃ እስኪወጡ ድረስ የወጣትነታቸውን ዓመታት በባዕድ ባሕር መካከል አሳለፉ።

ይህን የመሰለ ልምድ ያለፈበት ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ አይጽፍም። ከዚያው ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጡት ዮፍታሔ ንጉሤ በስደት ዘመናቸው የአገርን ሐዘን በቀጥታ ወደ ተውኔት አምጥተውታል። የሐዲስ ዓለማየሁ መንገድ ግን ሌላ ነው። የጦርነትና የእስር ትዝታቸውን የያዘው «ትዝታ» የታተመው በ1985 ዓ.ም. ነው። ከሽሬ ውጊያ እስከዚህ መጽሐፍ ድረስ 57 ዓመት አልፏል። ስለ ራሳቸው ከመጻፋቸው በፊት ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ጻፉ፤ ስለ ሽንፈቱ ከመናገራቸው በፊት ሽንፈቱ ስለ ደረሰበት ኅብረተሰብ ተናገሩ። ይህ ቅደም ተከተል የዘፈቀደ አይመስልም። የወደቀ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከወደቀበት ቀን አይደለም፤ ምሰሶው ምስጥ መብላት ከጀመረበት ቀን ነው።

ስለቱ

ታሪኩ የሚከፈተው በማንኩሳ ነው። ውድነሽ በጣሙ ባለጸጋ፣ ግን ባሎቿ ተራ በተራ የሞቱባት፣ ሰውም «ገፊ» ብሎ የሚሸሻት ሴት ናት። ቦጋለ መብራቱ ሠርቶ አዳሪ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተጋብተው በዕድሜያቸው ማምሻ አንድ ልጅ ወለዱ፤ ልጁም በዛብህ ተባለ። ሕፃኑ በሕይወት ይቆይላቸው ዘንድ ወላጆቹ ስለት ተሳሉ፤ ቢያድግ በድንግልና ኖሮ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ለእግዚአብሔር ሰጡት።

ደራሲው ይህን ክፍል የጻፉበት መንገድ ጥንቃቄ የተመላበት ነው። በወላጆቹ አይሣለቁም። ልጅ በየቤቱ በሚቀጠፍበት አገር እናት ካላት ሁሉ የሚበልጠውን ለፈጣሪ ብትሳል ከፍቅር እንጂ ከክፋት አይደለም። አንባቢም ከውድነሽ ጋር ያለቅሳል፤ ከቦጋለ ጋር ይጸልያል። ይሁን እንጂ በዚያው ጸሎት ውስጥ የመጽሐፉ መከራ ሁሉ ተዘርቷል። የተሰጠው ሰው አልተጠየቀም። ስለቱ የተፈጸመው ገና አፍ ባልፈታ ሕፃን ሕይወት ላይ ነው።

በዛብህ አደገ፤ ተማረ፤ ደራሲው ራሳቸው ወደ ተማሩበት ወደ ዲማ ጊዮርጊስም መጣ። በዚያም ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ለሰብለ ወንጌል መምህር ሆኖ ገባና በፍቅር ተያዘ። ከዚህ በኋላ በልቡ የሚካሄደውን ትግል አንዳንድ አንባቢ በእምነትና በፍቅር መካከል የተደረገ ትግል አድርጎ ይወስደዋል። ነገሩ ግን ከዚህ ይጠልቃል። በዛብህ እግዚአብሔርን መውደዱን አልተወም። የሚያስጨንቀው ራሱ ያልገባውን ቃል ማፍረስ ኃጢአት ይሆን ወይ የሚለው ነው። ሌላ ሰው በስሙ የፈረመውን ውል እንዲከፍል የተጠየቀ ባለ ዕዳ ነው። ዕዳው የተፈረመው በፍቅር ነውና ውሉን መካድ እናትንና አባትን መካድ ይሆንበታል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደራሲው ይህን ጥያቄ ከእምነት ውጭ ቆመው አለማንሣታቸው ነው። ስለት የፈቃድ መሥዋዕት መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ የቀረበም መሥዋዕት መባሉ እንደሚያጠራጥር ከልጅነቱ ጀምሮ መጽሐፍ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ የልማዱን ስለት የለኩት በዚያው በተማሩት ቃል ነው።

አንድ ሰንሰለት፣ ብዙ እስረኛ

የበዛብህ ስለት ብቻውን ቢቆም የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር። የደራሲው ታላቅነት የሚታየው ያንኑ ቋጠሮ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ ደግመው በማሳየታቸው ነው።

ሰብለ ወንጌል በስለት አልታሰረችም፤ በትውልዷ ታስራለች። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር እየፈለጉ፣ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ እየመለሱ፣ የልጅቱ ዕድሜ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ክብር የተባለው ነገር ለማን እንደሚጠቅም ሲመረመር ለእርሷም ለእርሳቸውም አይጠቅምም። ነገር ግን ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ቃል ነውና መጠበቅ አለበት። እርሷን «ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቀ የለም።

ገበሬዎቹም እንዲሁ ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ከሚገባው በላይ ግብር ሲጠይቋቸው መጀመሪያ ያመለከቱት በትሕትና ነው። ቃላቸው አልሰማ ሲል በአበጀ በለው መሪነት ተነሡ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱትን ጌታም ማርከው ያዙ። ይህ ክፍል በብዙ አንባቢ ዘንድ የመጽሐፉ ማኅበራዊ ልብ ተደርጎ ይቆጠራል፤ መቆጠሩም ትክክል ነው። ሆኖም ክፍሉ ከፍቅሩ ታሪክ ተለይቶ ሲነበብ ትርጉሙ ይቀንሳል። ገበሬው ያልተጠየቀበትን ግብር እንዲከፍል መታዘዙና በዛብህ ያልተሳለውን ስለት እንዲከፍል መገደዱ የአንድ ሰንሰለት ሁለት ቀለበቶች ናቸው። በሁለቱም ፊት የሚቀርበው ምክንያት አንድ ነው፤ «ልማድ ነው» ይባላል።

አርበኛው ደራሲ የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። ግብር የሚከፍለውና ስንቁን ይዞ የሚዘምተው ገበሬ አንድ ሰው ነው። በሰላም ጊዜ ቃሉ የማይሰማ፣ በጦርነት ጊዜ ደሙ የሚጠየቅ ሰው ነው። የዲማ ገበሬዎች በጌታቸው ላይ ሲነሡ የሚያሳዩት ብልሃት፣ መተባበርና ጽናት ያ ሠራዊት ቢጠየቅና ቢደመጥ ኖሮ ምን ሊያደርግ ይችል እንደ ነበር የሚጠቁም ይመስላል። ፊታውራሪው ደግሞ በፉከራና በማዕረግ ተሞልተው ወደ ጦርነት ሲወጡ የሚታየው ባዶነት አስቂኝ ነው፤ ሳቁ ግን መራራ ነው። በማዕረጉ ብቻ የሚመካ አለቃ ሠራዊቱን ወዴት እንደሚያደርስ ያየ ሰው የጻፈው መሆኑ ይሰማል።

የሚያየው ሰው «ጉድ» ሲባል

በመጽሐፉ ውስጥ ሰንሰለቱን በሙሉ የሚያይ አንድ ሰው አለ፤ ካሣ ዳምጤ ነው። ከባላባት ወገን ተወልዶ ገረዱን ያገባ፣ ልማድን የሚጠይቅ፣ የሚያየውን የሚናገር ሰው ነው። ኅብረተሰቡ ለዚህ ሰው መልስ አላገኘለትም፤ ስለዚህ ስም አወጣለት። «ጉዱ ካሣ» አለው። እውነትን ለመስማት የማይፈልግ ኅብረተሰብ የሚጠቀምበት እጅግ ርካሽ መሣሪያ ይህ ነው። ተናጋሪውን እብድ ካሉት ንግግሩን መመርመር አያስፈልግም።

ጉዱ ካሣን ከእምነት የራቀ የለውጥ ሰባኪ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። መጽሐፉን በጥሞና ያነበበ ግን የሚያገኘው ከዚህ የተለየ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የንስሐ አባት ሆነው የተቀመጡት አባ ዓለም ለምኔ ይባላሉ። ዓለም ለምኔ ብለው የተጠሩት ሰው ከዓለም ጌታ ማዕድ ሳይለዩ ሲኖሩ፣ ዓለምን ሳይንቅ የኖረው ጉዱ ካሣ ግን ለተገፋው ይቆማል፤ ለፍቅረኞቹ ይጨነቃል፤ በመጨረሻም የራሱን ምቾት ትቶ ይከተላቸዋል። የቅኔ ተማሪው ሰምና ወርቅ እዚህ ላይ በገጸ ባሕርያት ተተክቷል። መነኩሴ የተባለው ሰሙ ነው፤ ጉድ የተባለው ወርቁ ነው። ደራሲው እምነትን አልነቀፉም፤ እምነት ስሙን ይዞ ሥራውን የተወበትን ቤት እንጂ።

ስለቱ ሁለተኛ ጊዜ

የዚህ ንባብ ዋና ማስረጃ በመጽሐፉ ፍጻሜ ላይ ይገኛል። በዛብህ ከዲማ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሰብለ ወንጌልም የአባቷን ቤት ጥላ ትከተለዋለች። የምታገኘው ግን ሽፍቶች ካቈሰሉት በኋላ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። እርሱ ከሞተ በኋላ ሰብለ ወንጌል ትመነኵሳለች።

ብዙ አንባቢ ይህን ፍጻሜ እንደ ሽንፈት ይወስደዋል፤ ልማዱ በመጨረሻ አሸነፈ፣ ፍቅርም በቆብ ተከደነ ይላል። ነገር ግን የመጽሐፉን መነሻና መድረሻ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሌላ ነገር ያያል። መጽሐፉ በስለት ይከፈታል፤ በስለት ይዘጋል። በመጀመሪያው ስለት አንድ ሕፃን ሳይጠየቅ ለድንግልና ተሰጠ። በመጨረሻው ስለት አንዲት ሴት ማንም ሳያስገድዳት ራሷን ሰጠች። ዘሯን፣ ሀብቷን፣ የአባቷን ስም ሁሉ ከጣለች በኋላ በሕይወቷ ሙሉ የመጀመሪያውን ቃል በራሷ አፍ ተናገረች። ምንኵስናው አንድ ነው፤ በመነሻው ሰንሰለት የነበረው በመድረሻው ነፃነት ሆነ። በመካከሉ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ፈቃድ ነው።

ይህን ፍጻሜ ሊጽፍ የሚችለው እምነቱን የጣለ ሰው አይደለም። እምነቱን ሳይመረምር የተቀበለ ሰውም አይደለም። በእስር ቤት ዓመታት ያሳለፈ ሰው ግን ሊጽፈው ይችላል። በጠባቂ ተዘግቶበት የተቀመጠና በገዛ ፈቃዱ በር ዘግቶ የተቀመጠ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ክፍል ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል መሆኑን ከእስረኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ስለ ጉድለቱ

ለታላቅ ሥራ የሚገባው አክብሮት ጉድለቱን መደበቅ አይደለም። የመጽሐፉ ትረካ አልፎ አልፎ ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን ቀድመው በሚሰጡት ማብራሪያ ይከብዳል። ጉዱ ካሣ አንዳንድ ጊዜ ከጎጃም ሰውነቱ ይልቅ የደራሲው አፈ ጉባኤ ይመስላል፤ ንግግሩም ከሚያነጋግረው ሰው ይልቅ ለአንባቢ የተዘጋጀ ይሆናል። ገበሬዎቹም ከአበጀ በለውና ከጥቂቶች በቀር ፊታቸው በጉልህ አይታይም፤ እንደ አንድ አካል ይነሣሉ፣ እንደ አንድ አካል ይናገራሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ነቀፌታ ግን በበዛብህ ሞት ላይ የሚነሣው ነው። ፍቅረኛውን የገደለው የባላባቱ ሥርዓት ሳይሆን በመንገድ የተገኘ ሽፍታ ነው፤ ስለዚህ ማኅበራዊው ምክንያት በአጋጣሚ ተተክቷል ይባላል። ይህ ነቀፌታ ክብደት አለው። በትልሙ ረገድ አጋጣሚው ከመጠን በላይ የተመቸ መሆኑ አይታበልም። ሆኖም በዛብህ በዚያ መንገድ ላይ ምን ያደርግ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ነቀፌታው ግማሽ ኃይሉን ያጣል። ወደ ሽፍታው እጅ የገፋው የተሸሸው ቤት ነው። ያው ቤት ቢላዋ አላነሣም፤ ሰላማዊ መንገድ ሁሉ እንዲዘጋበት ግን አደረገ። ልማድ ሰውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ እጁ ሳይደማ።

ከወረቀት ወደ ጆሮ

መጽሐፉ በኅብረተሰቡ ውስጥ የያዘውን ሥፍራ ለመረዳት ሌላ አንድ ነገር መነሣት አለበት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ አዳመጠው። በዚያ ትረካ መጽሐፉ ከተማረው ክፍል እጅ ወጥቶ ወደ ሚተርክለት ሕዝብ ተመለሰ። ደራሲው በልጅነታቸው ከገበሬው ደጅ የተቀበሉትን ቁራሽ በዕድሜያቸው አጋማሽ በቃል መለሱለት ለማለት ይቻላል።

የተለያዩት የደራሲው ሥራዎችም ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ ይዘው ይመጣሉ። በ1966 ዓ.ም. ያሳተሙት የፖለቲካ ጽሑፍ ርዕስ ጥያቄ ነው፤ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» ይላል። በ1974 ዓ.ም. የወጣው ልብ ወለድ «ወንጀለኛው ዳኛ» ይባላል፤ ርዕሱ ብቻውን ፈራጅና ተፈራጅ ቦታ የተለዋወጡበትን ዓለም ያመለክታል። በ1980 ዓ.ም. «የልምዣት» ተከተለ። ደራሲው በዲፕሎማትነት፣ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ለረጅም ዘመን መንግሥትን ያገለገሉ ሰው መሆናቸው ሲታሰብ ይህ የጥያቄ ጽናት ይበልጥ ያስደንቃል። በሥልጣን አጠገብ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ይረሳል፤ እርሳቸው አልረሱትም።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እርሳቸውን ማስታወስ ሲባል ሐውልትና ሙገሳ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን ሥራቸው ይበደላል። በየትምህርት ቤቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነበብ ተማሪው የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ጨቋኙ ማን ነው፣ ተጨቋኙ ማን ነው የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ከሞቱ፣ ማዕረጋቸውም ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗልና ማንንም አያስቆጣም። ከባዱ ጥያቄ ሌላው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማን ተጠየቀ? ማንስ ሳይጠየቅ ተሰጠ?

ውድነሽና ቦጋለ ክፉዎች አልነበሩም። ልጃቸውን ይወድዱ ነበር፤ ለእግዚአብሔርም ታማኞች ነበሩ። ለልጃቸው መልካም የመሰላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው። ሕዝብን ለማስተማር፣ ለመምራትና በኪነ ጥበብ ለማነጽ የተነሣ ሁሉ መጽሐፉን በዘጋ ቁጥር ወደ ማንኩሳዋ ጎጆ ተመልሶ፣ ስለ ሕፃኑ መልካም ነገር በሚመከርበት ሌሊት፣ ሕፃኑ ለምን አፍ እስኪፈታ እንዳልተጠበቀ ቢያስብ የአርበኛው ደራሲ ድካም ከንቱ አይቀርም።